ኮረንቲ እንዴት ይገድላል? የኤሌክትሪክ ምትና የጡት ነቀርሳ ታሪክ

ኮረንቲ ይገድላል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ የሠፈር ልጅ ሁሉ የተላጠ ሽቦ አይነካም፣ እናቶቻችንም በእርጥብ እጃችሁ ማብሪያውን እንዳትነኩ እያሉ አሳድገውናል። «ኮረንቲ ያዘው» ሲባል የሰማ ሰው ዝርዝሩን አይጠይቅም፤ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ነገር ግን «ለመሆኑ እንዴት ነው የሚገድለው?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንመልሰው «አቃጥሎ ነዋ!» ብለን ነው።

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት የሰው ልጅ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ያ ግማሽ ከተገኘ በኋላ ግን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በጡት ነቀርሳ ለሚሠቃዩ ሴቶች የሚሆን አንድ የሕክምና መንገድ ተከፈተ። በዚህ ጽሑፍ ልንተርክ ያሰብነው ይህንኑ ነው። የሜዲሲን ተማሪዎች የምናውቀውን ደገማችሁብን ብለው እንዳይሰለቹ፣ የፊዚክስ ተማሪዎች ስሌቱ አነሰ ብለው እንዳያኮርፉ፣ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎችም ገጹን ዘለው እንዳያልፉ እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሪክ ወደ ሕክምና የገባው በትርኢት በር ነው። በ1746 ዣን አንትዋን ኖሌ የሚባሉ ፈረንሳዊ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ 180 የንጉሥ ዘበኞችን እጅ ለእጅ አያይዘው በሉዊ 15ኛ ፊት ኮረንቲ ለቀቁባቸው፤ ወታደሮቹም ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘለሉ። እኚሁ ሰው ሌላም ነገር አይተዋል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ባረፈበት ቆዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል። ጻፉት፤ አለፉትም። ዛሬ ያንን ጽሑፍ መለስ ብለው የሚያነቡ ተመራማሪዎች ምልክቱ ከሙቀት የመጣ ላይሆን ይችላል ብለው ይገምታሉ። በዚያን ዘመን ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ገና አልተወለደም ነበር።

በ1791 ኢጣልያዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲንፈራገጥ ማየታቸውን አሳተሙ። የእህታቸው ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ ደግሞ በ1803 ለንደን ላይ በስቅላት በተቀጣ ወንጀለኛ ሬሳ ላይ ኮረንቲ ለቅቀው መንጋጋው ሲንቀጠቀጥና አንድ ዓይኑ ሲገለጥ ለታዳሚ አሳዩ። ቀደም ሲል በ1780 ጄምስ ግራሃም የሚባል ሰው እዚያው ለንደን «የጤና ቤተ መቅደስ» ከፍቶ፣ በኤሌክትሪክ ባጌጠ አልጋ መካንነትን እፈውሳለሁ እያለ የሀብታሞችን ኪስ አራቁቷል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ሕክምና ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይንስና ገበያ ተቀላቅለውበት ያደገ ነው። ሁሉም ኮረንቲው ሥጋን ምን እንደሚያስደርገው ለማየት ይሽቀዳደማል፤ በሥጋው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚጠይቅ ጠፋ።

ሁለተኛው ታሪክ የጡት ነቀርሳ ታሪክ ነው፤ እሱ ደግሞ ትርኢት የለበትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈ አንድ የግብፅ የሕክምና ፓፒረስ በጡት ላይ ያበጠን ዕጢ ከገለጸ በኋላ ሕክምና የለውም ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሺህ ዓመታት የነበረው ምርጫ ቢላና ፍም ነው። እንግሊዛዊቱ ደራሲ ፋኒ በርኒ በ1811 ፓሪስ ውስጥ ያለ ማደንዘዣ ጡታቸው ተቆርጧል፤ ከወራት በኋላም ለእህታቸው በጻፉት ደብዳቤ የዚያን ቀን ሥቃይ አንድም ሳያስቀሩ ዘርዝረውታል። እሳቸውስ ዕድለኛ ነበሩ፤ እስከ 1840 ኖረዋል።

ማደንዘዣ ከመጣ በኋላ ቢላው ደፈረ። በ1880ዎቹና በ90ዎቹ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስተድ ጡቱን ከደረት ጡንቻውና ከብብቱ ንፍፊት ጋር ጠርጎ የማውጣትን ዘዴ አስፋፉ። ነቀርሳ ከነሥሩ ካልተነቀለ ይመለሳል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ይህ ቀዶ ጥገና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንደ ሕግ ሆኖ ሠራ፤ ስንትና ስንት ሴቶችም ክንዳቸው እያበጠ፣ ደረታቸው ጎድጉዶ ኖሩ። በመጨረሻም በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቻቸው በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው ገና ሳይገፋ ለተገኘባቸው ሴቶች ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መጨመር ሙሉውን ጡት ከመቁረጥ ያላነሰ ዕድሜ እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ከዚህ በኋላ የሐኪሞች ጥያቄ ተለወጠ። «ምን ያህል እንቁረጥ?» መባሉ ቀረና «ሕዋሱን ገድለን ገላውን እንዴት እንተርፍለት?» ይባል ጀመር።

ኤሌክትሪክ በዚህ መካከል ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል፤ ግን የገባው በእሳትነቱ ነው። በ1926 ቦስተን ላይ ዊልያም ቦቪ በሠሩት የኤሌክትሪክ ቢላ ሃርቪ ኩሺንግ የተባሉት የጭንቅላት ሐኪም ዕጢ አወጡበት። መሣሪያው እየቆረጠ ወዲያው የደም ሥሩን በሙቀት ይዘጋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬም ያለሱ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ኮረንቲ ማለት ፍም ነው የሚለውን አስተያየት አጠናከረው እንጂ አልነቀነቀውም።

ነቅናቂው የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ከባክቴሪያ ብልቃጥ ነው። በ1967 ሰይልና ሃሚልተን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ባክቴሪያና እርሾ በኤሌክትሪክ ምት ይገድሉ ነበር። እዚህ ላይ «ምት» ያልነው እንደ ልብ ምት ነው፤ መጣ፣ ሄደ። አንዱን ምት ከ2 እስከ 20 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ አደረጉት፤ አንድ ማይክሮ ሴኮንድ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኃይሉን ግን በአንድ ሳንቲ ሜትር እስከ 25 ሺህ ቮልት አደረሱት። ምቱ ከማጠሩ የተነሣ ፈሳሹ ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። ባክቴሪያው ግን ይሞታል። ሙቀት ነው እንዳይባል ሙቀቱ ተለካ፤ ኮረንቲው በፈሳሹ ውስጥ የፈጠረው ኬሚካል ነው እንዳይባል እሱም ተመረመረ። የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ነው፤ የሕዋሱ ገለፈት። ምቱ ገለፈቱን ሰብሮት የውስጡ ወደ ውጭ ይፈስ ነበር። ቀደም ሲል በ1958 ሮበርት ሽቴምፕፍሊ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው፣ የገለፈቱ መሰበር አንዳንዴ ተመልሶ እንደሚጠገን አንዳንዴም እንደማይጠገን ጽፈው ነበር። ከጋልቫኒ እንቁራሪት እስከዚህኛው እንቁራሪት 167 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ጥቂት ስሌት እንፍቀድ። እያንዳንዱ ሕዋሳችን በስብ ገለፈት የተከበበ ነው። የገለፈቱ ውፍረት 5 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ገለፈት ቢደራረብ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ሥራው የግቢ ዘበኛ ሥራ ነው፤ ለማን እንደሚከፍትና በማን ላይ እንደሚዘጋ ያውቃል። በዘወትር ጊዜ በውስጡና በውጭው መካከል ያለው ቮልቴጅ ከ0.1 ቮልት አይበልጥም። ከውጭ የኤሌክትሪክ መስክ ሲመጣበት በሕዋሱ ጫፍ ላይ የሚጨመረው ቮልቴጅ በግርድፉ የመስኩ ኃይል በሕዋሱ ሬዲየስ፣ እንደገና በ1.5 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ሬዲየሱ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነ ሕዋስ በሳንቲ ሜትር 1000 ቮልት ቢያርፍበት፣ ጫፉ ላይ 1.5 ቮልት ይሸከማል ማለት ነው። ገለፈቱ ግን ከ0.2 እስከ 1 ቮልት ባለው መካከል ትዕግሥቱ ያልቅና ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይከፈቱበታል። ባክቴሪያ ከሰው ሕዋስ በጣም ስለሚያንስ በዚሁ ስሌት እጅግ የበረታ መስክ ይፈልጋል፤ ያ 25 ሺህ ቮልት ለምን እንዳስፈለገ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ምቱ ደካማ ከሆነ ምንም አይሆንም። መካከለኛ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናሉ፣ ሕዋሱም ይተርፋል። ከበረታና ከተደጋገመ ግን ቀዳዳው አይደፈንም፣ ሕዋሱም ይሞታል። አንድ ዓይነት ምት በልኩ ብቻ በርም ይሆናል፣ መግደያም ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ በሁለት መንገድ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የበሩ መንገድ ነው። በ1982 ኤበርሃርድ ኖይማንና ባልደረቦቻቸው የአይጥ ሕዋሳትን በምት ከፍተው ዘረ መል አስገቡባቸው፤ ነገሩንም ኤሌክትሮፖሬሽን አሉት፣ በኤሌክትሪክ ቀዳዳ መክፈት እንደ ማለት ነው። ዘረ መል የሚገባ ከሆነ መድኃኒትስ ለምን አይገባም? በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ በሃማኦ ኡመዛዋ የተገኘ ብሊዮማይሲን የሚባል የነቀርሳ መድኃኒት አለ። ሕዋስ ውስጥ ከገባ ዲ. ኤን. ኤ.ውን ይበጣጥሰዋል፤ ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። ውሃ ወዳድ ስለሆነ የስቡን ገለፈት አያልፍም፤ ደጅ ጠንቶ ይቀራል። በ1987 ጃፓናውያኑ ኦኪኖና ሞህሪ በእንስሳት ላይ፣ በ1988 ደግሞ ፓሪስ አጠገብ በቪልዥዊፍ ከተማ በጉስታቭ ሩሲ ኢንስቲትዩት ልዊ ሚርና ባልደረቦቻቸው በሕዋሳት ላይ ምትና መድኃኒት አንድ ላይ ሞከሩ። በሩ ሲከፈት መድኃኒቱ የሚሠራው ሥራ በብዙ መቶ እጥፍ አደገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቪልዥዊፉ ቡድን 8 የራስና የአንገት ነቀርሳ ሕሙማንን አክሞ ከ40 ዕባጮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ መጥፋታቸውን ገለጸ።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ወይም በዕባጩ ውስጥ ይሰጣል። ከዚያ በዕባጩ ዙሪያ መርፌዎች ይተከሉና 8 ምት ይለቀቃል፤ እያንዳንዱ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ስምንቱ ቢደመሩ የሴኮንድ አንድ ሺኛ አይሞሉም። በ2006 በፈረንሳይ፣ በስሎቬንያ፣ በዴንማርክና በአየርላንድ የሚገኙ አራት የሕክምና ማዕከላት አንድ ወጥ የአሠራር ደንብ አወጡ፤ በጥናታቸውም ከታከሙት ዕባጮች 85 በመቶው አንሰዋል ወይም ጠፍተዋል፣ ሙሉ በሙሉ የጠፉት ብቻ 74 በመቶ ያህል ናቸው። በ2013 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም ወደ ቆዳ ለተዛመተ ነቀርሳ ዘዴውን የሚመለከት መመሪያ አወጣ።

«ታዲያ ይህ ከጡት ነቀርሳ ጋር ምን አገናኘው?» ሊባል ይችላል። በደንብ ያገናኘዋል። ጡቷ የተቆረጠ ሴት ላይ ነቀርሳው አንዳንዴ በዚያው በደረቷ ቆዳ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ዕባጩ ይፈነዳል፣ ይደማል፣ ይሸታል። ቆዳው ቀድሞ ቢላ ያየ፣ ጨረርም የጠገበ ስለሆነ ሁለተኛ መቁረጥም መጨረርም ይከብዳል። እንዲህ ያለች ሴት ከሕመሙ ይልቅ ሽታው ያሳፍራታል፤ ከቡና ይለያታል፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ያስቀራታል። ምቱ ብዙ የሠራው እዚህ ነው፤ በኢጣልያ፣ በዴንማርክና በስሎቬንያ በዚህ ዓይነት ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዕባጮች እንደሚጠፉ አሳይተዋል፤ ዕባጩ ትንሽ ሲሆንም ውጤቱ ይሻላል። ዕድሜ ባይጨምር እንኳ ሰው ከሰው ጋር እንዲቀመጥ ማድረግ ሕክምና አይደለም የሚል ካለ፣ ከእኛ ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው መንገድ የመግደያው መንገድ ነው። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች ቀዳዳው ሳይደፈን ሲቀር «አበላሸነው» ይሉ ነበር። በ2005 ራፋኤል ዳቫሎስ፣ ልዊ ሚርና ቦሪስ ሩቢንስኪ ነገሩን ገልብጠው አዩት። የምንፈልገው ዕጢውን መግደል ከሆነ መድኃኒት ምን ያደርግልናል? መስኩን በልክ አስልተን ሕዋሱን ያለ መድኃኒትም ያለ እሳትም ልንገድለው እንችላለን አሉ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ልክ እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ ምርጊቱ ሲረግፍ ማገሩ ይቆማል። ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ ትልልቅ የደም ሥሮችና ሥጋውን የያዘው መዋቅር ግን በአብዛኛው ይተርፋል። በ2010 የዳቫሎስ ቡድን በአይጦች ላይ የተተከለ የሰው ጡት ነቀርሳን በአንዲት መርፌ መትቶ አብዛኞቹ ዕጢዎች ሙሉ በሙሉ መጥፋታቸውን አሳተመ። ዘዴው በጉበት፣ በቆሽትና በፕሮስቴት ዕጢዎች ላይ በሰው ተሠርቶበታል፤ በጡት ላይ ግን ገና ጅምር ነው።

ጅምርነቱንም ሳንደብቅ እንናገር። ምቱ የሚገድለው መርፌው የደረሰበትን ብቻ ነው፤ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት የተሰደደውን ሕዋስ አያገኘውም። ጡንቻን በኃይል ስለሚያኮማትር ማደንዘዣ ይፈልጋል። ደረት ደግሞ የልብ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ ለልብ ቅርብ በሆነ ቦታ ሲሠራ ማሽኑ የልብን ምት እየተከተለ፣ ልብ በማትታወክበት ቅጽበት የራሱን ምት ይለቃል።

ወሬ እንዳያሳስተን አንድ ነገር ማከል ይገባናል። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የራጂ ሱንዳራራጃን ቡድን፣ በሆርሞን ሕክምና የማይበገረውን ክፉውን የጡት ነቀርሳ ዓይነት ሕዋሳት ከእርድ በሚገኝ ከርኩሚን በሚባል ንጥረ ነገርና በምት አንድ ላይ መትቷል፤ ሕዋሳቱም ሞተዋል። ነገር ግን ይህ የሆነው በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ነው። ይህን ሰምቶ ከገበያ እርድ ሸምቶ ደረት ላይ የሚለጥፍ እንዳይኖር አደራ፤ ወጥ ውስጥ ያለው እርድ ምትም የለው፣ መርፌም የለው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያጓጓን ሌላው ሙከራ ነው። በ2012 በዴንማርክ የጁሊ ጌል ቡድን ከውድ መድኃኒት ይልቅ ተራ ካልሲየም በተከፈተው ቀዳዳ ቢገባ ሕዋሱ ጉልበቱን ጨርሶ እንደሚሞት አሳየ። በ2018 በታተመው ጥናት ደግሞ 7 ሕሙማን፣ አብዛኞቹ የጡት ነቀርሳ ያለባቸው፣ አንዳንዱ ዕባጫቸው በካልሲየም አንዳንዱ በብሊዮማይሲን ታከመ። በካልሲየም ከታከሙት 72 በመቶው፣ በብሊዮማይሲን ከታከሙት 84 በመቶው አንሰዋል ወይም ጠፍተዋል። በ7 ሰው የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ሆኖም ካልሲየም ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ እንደ ነቀርሳ መድኃኒት ልዩ ጥንቃቄ አይጠይቅም። ድሃ አገር ይህን ቁጥር ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

የእኛንም አገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩት ነቀርሳዎች የጡት ነቀርሳ ግንባር ቀደሙ ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚደርሱት ቁስሉ ከፈነዳ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ግን ተረቱ የሚወቅሰው ታማሚዋን ብቻ ነው። መንገዱ የራቃት፣ ወረፋው ያስመረራት፣ ገንዘቡ ያጠራት ሴት ደበቀች አይባልም። ስለዚህ ማንኛውም ማሽን ከመምጣቱ በፊት ዕባጩ ገና በትንሽነቱ የሚታይበት ጤና ጣቢያ ይቀድማል፤ ምቱም ቢሆን የሚሻለው በትንሹ ላይ ነው ብለናል።

ይህ ማለት ግን እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ ማለት አይደለም። ታሪኩ እንደሚያሳየን ከቀዩ ነጠብጣብ እስከ ደረት ቁስሉ ድረስ ያለውን መንገድ የከፈቱት ሁሉ ሐኪሞች አልነበሩም። አንዱ ባክቴሪያ ይገድል ነበር፣ አንዱ ዘረ መል ያስገባ ነበር፣ አንዱ የመስክ ስሌት ይሠራ ነበር። በእኛም ግቢ የሜዲሲኑ ተማሪና የኤሌክትሪክ ምሕንድስናው ተማሪ አንድ ካፍቴሪያ ይበላሉ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ግን እምብዛም አይቀመጡም። በዚህ ሳምንት ይቀመጡና አንዱ ስለ ደረት ቁስሉ ያውራ፣ ሌላው ስለ 100 ማይክሮ ሴኮንድ። ኮረንቲ እንዴት እንደሚገድል የጠየቁት ሰዎች ማንን እንደሚያድን የደረሱበት እንዲህ እየተጠያየቁ ነው።